ለፈጣን አነሳስ የስኬቲንግ ጫማን ወደ ፊት ማዘንበል፦ ከክሩ እስከ ሻንሲው

ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ ስኬቲንግ የሚነዱ ልጆችን ብታዩ አብዛኞቹ አንዴ ከተነሱ በኋላ ጎበዞች ናቸው። ችግሩ መነሳቱ ላይ ነው። ከቆሙበት ተነስተው የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት እርምጃዎች ሲገፉ ጫማው የሚጎትታቸው ይመስላል። ከዚያ ጥፋቱ ሁሉ ኩሽኔታው ላይ ይወድቃል። «ኩሽኔታው ደክሟል፣ ይቀየር» ይባላል። ብር ይወጣል፣ ኩሽኔታ ይቀየራል፣ አነሳሱ ግን ያው ነው።

ብዙ ጊዜ ችግሩ ክብደታችሁ ያለበት ቦታ ነው። ጫማው ላይ ስትቆሙ ክብደታችሁ ተረከዝ ላይ ካረፈ፣ ለመነሳት መጀመሪያ ራሳችሁን ወደ ፊት መጎተት አለባችሁ። ያቺ ቅጽበት ናት የምትበላችሁ። እዚህ ላይ የጫማው ዝንባሌ ይረዳል። ደስ የሚለው ደግሞ አብዛኛውን ሥራ አዲስ ዕቃ ሳትገዙ፣ ያረጁ ጎማዎቻችሁን ቦታ በማቀያየር ብቻ መሥራት መቻላችሁ ነው።

ዝንባሌ ምንድን ነው?

ተረከዛችሁ ከእግር ጣቶቻችሁ አንጻር ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደተቀመጠ ማለት ነው። ነገሩ የታወቀው በበረዶ ሆኪ ነው። የበረዶ ሆኪ ጫማ ምላጭ ከጎን ሲታይ ቀጥ ያለ አይደለም፣ ጎበጥ ያለ ነው። ጉብጠቱ ራዲየሱ 3 ሜትር አካባቢ ከሆነ ትልቅ ክብ ላይ እንደተቆረጠ ያህል ነው። ሞራጁ የፊተኛውን ብረት ትንሽ ዝቅ ካደረገው ተጫዋቹ ወደ ፊት ያዘነብላል። ወይም ደግሞ በጫማውና በምላጩ መያዣ መሃል፣ ተረከዝ በኩል፣ ቀጭን ንጣፍ ይገባል። እኛ ጋ ያለው አስፋልትና ኮብልስቶን ነውና ሥራችን ምላጭ ሳይሆን ጎማ ላይ ነው። መርሁ ግን አንድ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ዝንባሌ በራሱ ፍጥነት አይፈጥርም። ጉልበታችሁን በቀላሉ እንድታጥፉና ክብደታችሁ ከእግር መዳፋችሁ የፊት ክፍል ላይ እንዲያርፍ ያግዛል። ፍጥነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ከምትገፉት ነው። ጉልበቱን የማያጥፍ ሰው ጫማውን ምንም ቢያዘነብልለት ግትር ብሎ ወደ ፊት ይወድቃል እንጂ አይፈጥንም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ባለ ስድስት ማዕዘን አለን ኪ (ለጎማው ብሎን ብዙውን ጊዜ 4 ሚሊ ሜትር ይበቃል)፣ ማስመሪያ፣ ቀጭን የወረቀት ሰቅ፣ ስክሪፕቶ፣ ትንሽ ክርና አንድ ዳዶ። ካሊፐር ያለው ሰው ከተገኘ ጥሩ፣ ካልተገኘም አትጨነቁ።

1. መጀመሪያ የት እንደቆማችሁ እወቁ

ክሩ ላይ ዳዶውን እሰሩ። ጫማውን አድርጋችሁ ደልዳላ ቦታ ላይ ቁሙ። አሁኑኑ ሊነሳ እንደተዘጋጀ ሰው ጉልበታችሁን እጠፉ። ጓደኛችሁ ክሩን ከጉልበታችሁ ፊት ይዞ ዳዶውን ወደ መሬት ያንጠልጥል። ዳዶው ከጫማው ጫፍ ትክክል ወይም ከጫፉ ትንሽ ወደ ፊት አልፎ ከወረደ ደህና ናችሁ። ክሩ የጫማው ማሰሪያ ላይ ከወደቀ ወደ ኋላ ቀርታችኋል ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው ሁሉ ለእናንተ ነው።

ሰውነታችሁም ይናገራል። ትንሽ ነድታችሁ ጭናችሁ የሚቃጠል ከሆነ፣ የፊት ጎማዎቹም ቀለል ብለው መሬቱን እንደማይነክሱ ከተሰማችሁ፣ ተረከዝ ላይ ተቀምጣችሁ ነው የምትነዱት።

2. ከክሩ ጀምሩ

ምንም ከመፍታታችሁ በፊት የጫማውን ክር እዩ። ብዙ ልጅ «ቁርጭምጭሚቴ እንዳይወለም» ብሎ እስከ ላይኛው ቀዳዳ ድረስ አንቆ ያስራል። ጫማው እንደዚያ ሲታነቅ ቅልጥሙ ወደ ፊት መሄድ አይችልም። ቅልጥም ካልሄደ ጉልበት አይታጠፍም። ጉልበት ካልታጠፈ ደግሞ ስለ ዝንባሌ ማውራት ትርፉ ድካም ነው።

ተረከዛችሁን ከጫማው ጀርባ ጋር ሁለት ሦስቴ መታ አድርጉና በደንብ አስቀምጡት። ጣት በኩል ላላ አድርጉ፤ ከእግር ጀርባው እስከ ቁርጭምጭሚት መታጠፊያ ድረስ ጠበቅ አድርጉ። የመጨረሻውን የላይኛውን ቀዳዳ ግን ዝለሉት። ጫማው ክር ሳይሆን መቆለፊያ ያለው ከሆነ የላይኛውን አንድ ጥርስ አላሉት። ከዚያ የዳዶውን ሙከራ ድገሙት። አንዳንዱ ሰው እዚህ ላይ ሥራውን ይጨርሳል። ገና ለማጅ የሆነ ሰው ግን ሚዛኑን እስኪይዝ የላይኛውን ቀዳዳ ባይተወው ይሻላል።

3. ሻንሲያችሁ የትኛው ዓይነት ነው?

ሻንሲ የምንለው ከጫማው ሥር ያለውን፣ አራቱ ጎማዎች በአንድ መስመር የሚታሰሩበትን ክፍል ነው። ዓይነቱን ሳያጣሩ ጎማ መቀየር የለም። ጎማዎቹን አውጡና በጎን በኩል በአራቱ የብሎን ቀዳዳዎች ላይ ማስመሪያ አስደግፉ። አራቱም በአንድ መስመር ላይ ከሆኑ ሻንሲው ቀጥ ያለ ነው። የፊት ሁለቱ ከኋላ ሁለቱ ዝቅ ብለው ከተገኙ ደግሞ ደረጃ ያለው ነው፤ «ሃይ ሎ» ይሉታል። ለሆኪ የተሠሩ ብዙ ባለጎማ ጫማዎች እንደዚህ ናቸው። ከፊት ሁለት ባለ 76 ወይም ባለ 72 ሚሊ ሜትር፣ ከኋላ ሁለት ባለ 80 ጎማ ይይዛሉ። ትንሹ ጎማ ቀላል ስለሆነ ቶሎ ይሽከረከራል፤ ትልቁ ደግሞ ከተነሳ በኋላ ፍጥነቱን ይይዛል።

ያገለገለ ጫማ የምትገዙ ልብ በሉ። ደረጃ ያለው ሻንሲ ላይ አራት እኩል ጎማ የተገጠመበት ጫማ ገበያ ላይ ይገኛል። የሚሸጠው ሰው ያገኘውን ጎማ አስገብቶ ነው። የፊት ቀዳዳዎቹ ዝቅ ብለው የተሠሩት ለትናንሽ ጎማ ነውና እኩል ጎማ ሲገባባቸው የጫማው አፍንጫ ከፍ ይላል፣ ተረከዙ ይቀመጣል። እናንተ ወደ ፊት ልታዘነብሉ ስትታገሉ ጫማው ወደ ኋላ እየሳባችሁ ነው። መፍትሔው ሻንሲው የሚፈልገውን መጠን መልሶ መስጠት ብቻ ነው። መጠኑ ብዙ ጊዜ ሻንሲው ጎን ላይ ተጽፎ ይገኛል።

4. ያረጁ ጎማዎችን መደርደር

ይህ ቀጥ ያለ ሻንሲ ላላቸው ነው። ከሁሉም በላይ የምወደው ዘዴም ይኸው ነው፤ ነፃ ነዋ።

አዲስ ስትገዟቸው ሁሉም 80 የነበሩ ስምንት ጎማዎች ከወራት በኋላ እኩል አይሆኑም። የምትገፉበት እግር፣ የምትቆሙበት መንገድ፣ ያ ሁሉ ለየብቻ ይበላቸዋል። አስፋልቱ ላይ የሚበናው አሸዋም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ስለዚህ እጃችሁ ላይ የተለያየ መጠን ያላቸው ጎማዎች አሉ ማለት ነው። ሥራው ትንሹን ከፊት፣ ትልቁን ከኋላ ማድረግ ነው።

ልኬቱ እንዲህ ነው። ቀጭን የወረቀት ሰቅ ጎማው ወገብ ላይ አንድ ዙር ጠምጥሙ። የተገናኘበትን ቦታ በስክሪፕቶ ምልክት አድርጉ። ሰቁን ዘርግታችሁ በማስመሪያ ለኩና ለ3.14 አካፍሉ። ባለ 80 ጎማ ወደ 251 ሚሊ ሜትር ይሰጣችኋል፤ ባለ 76 ወደ 239። በዚህ መንገድ የ1 ሚሊ ሜትር የዲያሜትር ልዩነት ሰቁ ላይ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ሆኖ ስለሚታይ በተራ ማስመሪያ እንኳ አይሰወርም። ቁጥሩን እዚያው ጎማው ላይ ጻፉ።

አሁን ስምንቱን ጠረጴዛ ላይ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሩ። ሁለቱ ትልልቆች የግራና የቀኝ ጫማ የመጨረሻ ጎማ ይሆናሉ። ቀጣዮቹ ሁለት ከእነሱ ፊት ይገባሉ። እንዲህ እያላችሁ ሁለቱ ትንንሾች አፍንጫው ላይ ይመጣሉ። ግራና ቀኝ ካልተመጣጠነ አንዱ እግር ያዘነብላል፣ ሌላው አያዘነብልም፤ ወገብ ያማል።

መጠኑ ከኋላ ወደ ፊት በእርከን ይውረድ። ከፊት ወደ ኋላ 76፣ 77፣ 79፣ 80 ዓይነት ጥሩ ነው። ቀጥ ያለ ሻንሲ ላይ 76፣ 76፣ 80፣ 80 ብታደርጉ ግን አይሆንም። ጫማው ከፊት ሦስተኛው ጎማ ላይ ተቀምጦ ከፊት ወደ ኋላ እንደ ሚዛን ይዋዥቃል። ሁለቱ ጎማዎች አየር ላይ ናቸው።

ይህን ለማጣራት ጫማውን እምነበረድ ወይም መስታወት ላይ አቁሙት። በእያንዳንዱ ጎማ ሥር የደረሰኝ ወረቀት ለማስገባት ሞክሩ። ወረቀቱ ሰተት ብሎ ከገባ ያ ጎማ መሬት አልነካም። አራቱም ወረቀቱን ከያዙ ተሳክቷል። አንዱ ጎማ ለጥቂት ቢያመልጥ ከሌላኛው ጫማ አቻው ጋር ቀያይራችሁ ሞክሩ።

ስንት ያዘነብላል? ብዙ አይደለም። ጎማው በዲያሜትር 4 ሚሊ ሜትር ቢያንስ የሻንሲው አፍንጫ የሚወርደው በግማሹ፣ ማለትም በ2 ሚሊ ሜትር ነው። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ጎማ መሃል ወደ 24 ሴንቲ ሜትር ርቀት አለ። ሲሰላ ግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ እግር ግን ወዲያው ያውቀዋል።

ጎማውን መልሳችሁ ስታስገቡ አንድ ነገር አትርሱ። የሚበላው በአብዛኛው የውስጠኛው ጎን ነው፤ ገልብጡትና ያልተበላው ጎን ወደ ውስጥ ይዙር። አዲስ ጎማ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ የሚያስብም አይጠፋም። ጎማው ፖሊዩሪቴን ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ከመቁረጫው ፊት ይሸሻል። ክብ ሆኖ አይወጣም። ተዉት።

5. ተረከዝ ሥር ቆዳ ማስገባት

ጎማዎቻችሁ ሁሉ አዲስና እኩል ከሆኑ፣ ወይም ሻንሲው ደረጃ ያለው ከሆነ፣ ቀላሉ መንገድ በጫማው ውስጥ ነው። የጫማውን ውስጥ ሶል አውጡና ሰፈራችሁ ወዳለው ጫማ ሰፊ ሂዱ። ስፖንጅ አይደለም የምትፈልጉት፤ ስፖንጅ ከአንድ ቀን በኋላ ተጨፍልቆ የለም። የሶል ቆዳ ጠይቁ። እንዲህ በሉ፦ «ጋሼ፣ ተረከዙ ጋ 3 ሚሊ ይሁን፣ ወደ ፊት እየሳሳ ይሂድና እግሩ ወገብ ላይ ይለቅ።» እሳቸው በዚያች ሹል ጩቤ ዳሩን ቀስ እያሉ ሲልጡት ጠርዙ ወረቀት እስኪመስል ድረስ እንዲሳሳ ጠብቁ። ጠርዙ ደረጃ ከሠራ እግር ሥር ይቆረቁራል። ሶሉ ሥር በማስቲሽ ይለጠፍ።

ጉዳቱ ምንድን ነው? ተረከዛችሁ ጫማው ውስጥ ከፍ ስለሚል ከጀርባው መያዣ ጉድጓድ ይወጣል። ሲገፉ ተረከዝ ከዘለለ ጉልበቱ ባከነ ማለት ነው። ለዚህ ነው ከ3 እና 4 ሚሊ ሜትር በላይ የማልመክረው። ሁለቱንም እግር እኩል አድርጉ።

6. ሻንሲው ሥር ንጣፍ

ይህ ሻንሲያቸው በብሎን ለታሰረ ጫማዎች ብቻ ነው። በሪቬት የተመታ የሆኪ ጫማ ወይም ሻንሲውና ጫማው አንድ ላይ የተሠራ ፕላስቲክ ካላችሁ ወደሚቀጥለው ዝለሉ። ሪቬት ቀዶ መሥራት የሚቻል ነገር ነው፤ እጁ ለለመደ ሰው ግን ተዉለት።

የኋላውን ብሎን ፈትታችሁ በጫማውና በሻንሲው መሃል የ2 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ንጣፍ ታስገባላችሁ። ብረታ ብረት ቤት ቁራጭ አይጠፋም። ንጣፉ የጫማውን መቀመጫ ያህል ይስፋ። ሮንዴላ ደራርቦ ማስገባት ጫናውን አንድ ነጥብ ላይ ስለሚጥል ጫማውን ይሰነጥቀዋል። ሁለቱ ብሎኖች ብዙ ጊዜ 16 ተኩል ሴንቲ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ በዚህ ርቀት 2 ሚሊ ሜትር ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ በላይ፣ 3 ሚሊ ሜትር ደግሞ አንድ ዲግሪ ይሰጣል። ንጣፉ የብሎኑን ርዝመት ይበላል። ከንጣፉ በኋላ ብሎኑ ሁለትና ሦስት ጥርስ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ረዘም ያለ ግዙ። ሊወልቅ ይችላል፤ የሚወልቀው ደግሞ ቆማችሁ ሳይሆን እየሮጣችሁ ነው።

ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ ረዘም ያለ ከሆነ ሻንሲውን በ3 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ መግፋትም ይቻላል። እግራችሁ ከጎማዎቹ አንጻር ወደ ፊት ይመጣል፣ ጫናውም ፊት ላይ ይበረታል። ግን ከፊታችሁ የሚደግፋችሁ ጎማ ያጥራል። ለእኛ ሰፈር መንገድ ይህን ከሁሉም በፊት አልሞክረውም።

7. ሙከራ

ከእነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ቀይሩ። ሁለት ነገር ቀይራችሁ ከፈጠናችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

ልሙጥ አስፋልት ወይም የተነጠፈ መኪና ማቆሚያ ፈልጉ፤ እሁድ ማለዳ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ባዶ ይገኛል። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረውና መንገዶች ለመኪና በሚዘጉበት «መንገድ ለሰው» ቀን ወደ መሃል ከተማ ለሚወርድም ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። 10 ሜትር ለኩና ሁለት መስመር በኖራ ወይም በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ጓደኛችሁ በስልክ ከጎን ይቅረጻችሁ። ከቆማችሁበት ተነሱ፤ ተረከዝ ለተረከዝ፣ ጣቶች ወደ ውጭ፣ አጫጭር ፈጣን እርምጃዎች። ቪዲዮውን ቀስ አድርጋችሁ ስታዩ ሰዓቱንም የጉልበታችሁን ቦታም ታገኛላችሁ። በሁለቱም አቅጣጫ ሞክሩ። የእኛ ዳር ዳር ሰፈሮች ደልዳላ የሚመስለው ሁሉ ቁልቁለት ነው፤ ቁልቁለቱ ሲያፈጥናችሁ ጎማው የሠራ እንዳይመስላችሁ።

መብዛቱም ይታወቃል። ባታችሁ ከተኮማተረ፣ ጣቶቻችሁ ጫማው ውስጥ መሬት ለመያዝ ከተኮረመቱ፣ ወይም የፊት ጎማው ትንሽ ጠጠር ላይ ከነከሰ አልፋችኋል። አንድ እርከን ተመለሱ። ቤት ድረስ ኮብልስቶን ላይ የሚነዳ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም በግማሽ ይጀምር። ወደ ፊት ያዘነበለ ሰው የፊት ጎማው የድንጋይ ፍንጭት ውስጥ ሲገባ የሚይዘው ነገር የለም። የራስ ቁርና የእጅ አንጓ መከላከያ አድርጉ። ከአይሱዙ ኋላ ተንጠልጥሎ መሄድ ደግሞ አነሳስ አይባልም፤ ስለሱ እዚህ አላወራም።

ስለ ኩሽኔታ ከተነሳ

ባለኩሽኔታ የእንጨት ጋሪ ሠርቶ ቁልቁለት ያልወረደ የሰፈር ልጅ የለምና ኩሽኔታ ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። የስኬቲንግ ኩሽኔታ በአብዛኛው ውጩ 22፣ ቀዳዳው 8፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። ክረምት ውሃ፣ በጋ አቧራ ይገድለዋል። ጎማውን በጣታችሁ አሽከርክሩት፤ የሚንኳኳ ድምፅ ካለው ይታጠብ። መሸፈኛውን አንሱ፣ ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፉ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት። የምግብ ዘይት አይደለም፤ ይሙለጨለጭና በኋላ ሙጫ ይሆናል። ይህን ሥራ ቡና በሚፈላበት ከሰል አጠገብ አትሥሩ።

በሁለቱ ኩሽኔታዎች መሃል ያለችው ትንሽ ቱቦ እንዳትጠፋ። እሷ ከሌለች ብሎኑ ሲጠብቅ ኩሽኔታዎቹ ይጣበቃሉ፣ ጎማውም አይዞርም።

ከመውጣታችሁ በፊት

ተረከዝ በኩል ፍሬን ያለው ጫማ ከሆነ ፍሬኑን እዩ። ጎማ በመደርደር ተረከዙን ከፍ ስታደርጉ ፍሬኑም ከመሬት ይርቃል፤ ለማቆም ጣቶቻችሁን ከበፊቱ የበለጠ ማንሳት ይጠበቅባችኋል። ቁልቁለት ላይ ከማወቅ በር ላይ ማወቅ ይሻላልና ቀስ ብላችሁ እየነዳችሁ ሁለት ሦስቴ ፈትኑት። የፍሬኑ ላስቲክ ያለቀ ከሆነ ይቀየር። የሆኪ ጫማ ፍሬን የለውም፤ አንዱን እግር ከኋላ አገዳድሞ ማቆም ሳትችሉ ዝንባሌ አትንኩ።

ብሎኖቹን ሁሉ በእጅ አጥብቁ፣ ጎማው በነፃነት መዞሩን እዩ። ትንሽ ነድታችሁ ስትመለሱ እንደገና አለን ኪውን ያዙና አንድ በአንድ ፈትሹ። ንጣፍ የገባበት ብሎን በመጀመሪያው ቀን ይላላል፤ ሁለተኛ ማጥበቅ አይቀርለትም።